ስፔስ ባርን ለሦስት ከፍሎ ሥራ ለፈቱት አውራ ጣቶች ሥራ መስጠት

#1 ቀለም_ቆጣሪ

ሰላም ለዚህ ቤት። ኪቦርድ ስለማሻሻል ሲነሳ ሁሉም የሚሮጠው ወደ መብራቱና ወደ ድምፁ ነው። ቀኑን ሙሉ አማርኛ ለሚመታ ሰው ግን ትልቁ ብክነት ያለው ታች፣ ስፔስ ባሩ ላይ ነው። መደበኛው ስፔስ ባር 119 ሚሊሜትር ገደማ ይረዝማል። የስድስት ቁልፍ ቦታ ይዞ የሚሠራው አንድ ሥራ ብቻ ነው። ከአሥሩ ጣቶች ጠንካሮቹ ሁለቱ አውራ ጣቶች ሆነው ሳለ እዚያ ተኝተው ይውላሉ። ብዙ ሰው ስፔስ የሚመታው በአንዱ ብቻ ስለሆነ ሌላው ጭራሽ ምንም አይነካም።

የትንሿን ጣት ኑሮ ደግሞ እዩት። በላቲኑ ፊደል ድምፁን እየመታን የአማርኛው ፊደል በሚወጣበት አጻጻፍ፣ ተነባቢውን ብቻ ስንመታ ሳድሱ ይወጣል፤ ሌላው ሁሉ ሁለተኛ ምት ይጠይቃል። ራብዕ የሚያወጣው ቁልፍ ያለው በግራ ትንሿ ጣት ሥር ነው። ጥ፣ ጭ፣ ጵ፣ ጽ፣ ኝ እና ኃምሱ በሙሉ ሽፍት ይፈልጋሉ፤ ሽፍትም የትንሿ ጣት ዕዳ ነው።

አንድ የችሎት ዓረፍተ ነገር እንቁጠር፦ «ከሳሽ ያቀረበው ክስ ለተከሳሽ እንዲደርስ ታዟል»። 24 ፊደል ነው፦ ሳድስ 10፣ ግዕዝ 8፣ ራብዕ 4፣ ሣልስ 1፣ ዟ 1። ሳድሶቹንና ዟን ስናወጣ ከሚቀሩት 13 ፊደሎች 12ቱን የሚያወጡት ሁለት ቁልፎች ናቸው፤ የግዕዙ (E) እና የራብዑ (A)። እንግዲህ ስፔስ ባሩን ለሦስት ከፍለን ግራውን ለግዕዝ፣ መሃሉን ለራብዕ፣ ቀኙን ለስፔስ እንስጥ ነው የምለው። ተነባቢው በጣት፣ አናባቢው በአውራ ጣት ይሁን። ጣት «ክ»ን መትቶ ወደ ቀጣዩ ተነባቢ ሲሻገር አውራ ጣት ከኋላ ደርሶ «ከ» ያደርገዋል።

ነባሮቹ የአናባቢ ቁልፎች ቦታቸው ላይ ይቆያሉ። አዲሶቹ የእነሱ ቅጂ ናቸው እንጂ ምትክ አይደሉም፤ ስለዚህ እንግሊዝኛ ሲጻፍም የሚጎድል ነገር የለም።

#2 ሳድስ_ብቻ

ምሳሌህ ተመቻችቶ የተመረጠ ነው። «የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ»ን ቁጠር እስቲ። 23 ፊደል፦ ግዕዝ 2፣ ሣልስ 6፣ ራብዕ 5፣ ኃምስ 3፣ ሳድስ 5፣ ሳብዕ 2። ሳድስ ካልሆኑት 18ቱ ውስጥ አውራ ጣቶችህ የሚያግዙት 7ቱን ብቻ ነው። የውጭ ቃል በበዛበት ሪፖርትና ዜና ላይ ጥቅሙ እየሳሳ ይሄዳል። ከሁሉ የከፉት ደግሞ «ፌ» እና «ዴ» ናቸው፤ ሽፍትም ሁለተኛ ምትም ይፈልጋሉ። እነሱን አልነካሃቸውም።

#3 ቀለም_ቆጣሪ

የአገሩ ስም ራስጌ ላይ አንዴ ይጻፋል። ከዚያ በታች ያለው ገጽ ሙሉ «ተደርጎ»፣ «ቀርቦ»፣ «በመሆኑም» ነው።

ስለ ኃምሱ ግን ያልከው ይገባል። ኃምስ የሚያወጣው የዚያው የግዕዝ ቁልፍ ሽፍት ስለሆነ፣ ሽፍት ተይዞ የግራው አውራ ጣት ሲመታ ኃምስ በራሱ ይወጣል። የቀረው ትንሿን ጣት ሽፍት ላይ ተጭና ከመጠበቅ ማዳን ነው። ዊንዶውስ ውስጥ ስቲኪ ኪስ የሚባለው አለ፤ ሽፍትን በተከታታይ አምስት ጊዜ ስትመታ ብቅ ብሎ የሚጠይቅህና ሁሉም ተበሳጭቶ የሚዘጋው። እሱ ሲበራ ሽፍትን መትተህ ትለቃለህ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ቁልፍ ብቻ ይቀየራል። ለአካል ጉዳተኞች ታስቦ የተሠራ ነው፤ ለአማርኛ ጸሐፊም የተሠራ ይመስላል።

#4 ብየዳ_አምስት_ኪሎ

ወደ ዕቃው እንውረድ። አንድ የቁልፍ ዩኒት 19.05 ሚሜ ነው፤ ስፔስ ባር 6.25 ዩኒት። አከፋፈሉ 2.25 + 1.25 + 2.75 ቢሆን ይሻላል፤ በሚሊሜትር 42.9፣ 23.8 እና 52.4 ገደማ ይመጣል። ይህ የሚመረጠው የቁልፍ ቆቡ በቀላሉ ስለሚገኝ ነው። 2.25 የግራ ሽፍት ልክ ነው፣ 2.75 የቀኝ ሽፍት ልክ ነው። ትርፍ የቆብ ስብስብ ካላችሁ ሁለቱን ሽፍቶች አዙራችሁ ትተክሏቸዋላችሁ፤ ሲዞሩ ተዳፋቱ ወደ አውራ ጣት ስለሚሆን ጠርዙ ጣት አይከረክርም። ሁለቱም ባለ 2 ዩኒት ስታቢላይዘር ይፈልጋሉ። ያለ እሱ ጫፋቸው ሲመታ ይጋደሉና ይነክሳሉ። 1.25ቷ አትፈልግም።

ያለውን ስፔስ ባር በመጋዝ ለመቁረጥ የምታስቡ ካላችሁ ተዉት። ውስጡ የላስቲክ ሉህ በሆነው በተራው የሜምብሬን ኪቦርድ ስፔስ ሥር ያለው መገናኛ ነጥብ አንድ ነው፤ ሦስት ብትቆርጡት ሁለቱ ቁራጮች የሚነኩት ነገር የለም። ወይ ከፋብሪካው የተከፈለ ስፔስ የሚቀበል ቦርድ ትገዛላችሁ፣ ወይ በእጅ ሽቦ ትዘረጋላችሁ።

በእጅ ለሚሠራ፦ ባለ 61 ቁልፉ ስፔሱ ሲከፈል 63 ይሆናል። 63 ስዊች፣ 63 ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ፣ 1ኤን4148)። መቆጣጠሪያው ፕሮ ማይክሮ የሚባለው ትንሽ ቦርድ ከሆነ ለቁልፍ ሽቦ የሚሆን 18 እግር ብቻ ነው ያለው። ቁልፎቹ በሚታዩበት መልክ 5 ረድፍ በ14 ዓምድ ከዘረጋችሁ 19 እግር ትፈልጋላችሁና አይበቃም። በ8 በ8 ከዘረጋችሁ ግን 16 እግር በ64 ቁልፍ ይበቃል፤ ሽቦው ትንሽ ይጠላለፋል እንጂ ኪቦርዱ ግድ የለውም። ራስፕቤሪ ፓይ ፒኮ የሚባለው ቦርድ ካላችሁ እንዲህ ያለ 26 እግር ስላለው ይህ ጭንቀት የለም።

የዳዮዱ ጥቁር ቀለበት የሁሉም በአንድ አቅጣጫ ይሁን፣ ወደ ረድፉ ሽቦ። አንዱ ከተገለበጠ ያ ቁልፍ ብቻ ይሞታል። ዳዮድ ጨርሶ ካልተደረገ ደግሞ በአራት ማዕዘን ካሉ ቁልፎች ሦስቱ አብረው ሲያዙ ያልተነካው አራተኛው ይጻፋል። በፍጥነት ለሚመታና ጣቶቹ ለሚደራረቡ ሰው ይህ በየገጹ ይመጣል። የመበየጃ ሊድ አነካክቶ ማለፍም አያዋጣም፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሁሉም ቁልፍ ከተበየደ በኋላ እያንዳንዱን በመልቲሜትር ጮኸ አልጮኸ ብላችሁ ፈትሹ።

ስዊቾቹ የሚሰኩበት ሳህን ቀዳዳው 14 በ14 ሚሜ ነው፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሜ ብረት ወይም አሉሚኒየም። የማስታወቂያ ቤቶች ሌዘር የሚቆርጠው አክሪሊክና ኤምዲኤፍ ነው፤ ብዙውን ጊዜ 3 ሚሜ። በ3 ሚሜ ላይ የስዊቹ ጥርስ አይነክስም፣ ቆብ ስትነቅሉ ስዊቹም አብሮ ይመጣል። ከሥር በሆት ግሉ ያዙት። ሌዘሩ ራሱ ትንሽ ስለሚበላ ሥዕሉን 13.9 አድርጋችሁ መጀመሪያ አንድ ቀዳዳ ብቻ አስቆርጡና ስዊች ሰክታችሁ ሞክሩ። ሙሉውን ከቆረጡ በኋላ ሰፋ ማለት ገንዘብ መጣል ነው።

#5 ልደታ_ታይፕ

ልጆች፣ ሀሳቡን አልጠላሁትም። ግን የጽሑፍ ቤት ኪቦርድ የአንድ ሰው አይደለም። ጠዋት አንዷ፣ ከሰዓት ሌላው ይመታበታል፤ ባለጉዳይ ፋይሉን ታቅፎ ከጎን ቆሟል። ጸሐፊ ዓይኑ የእጅ ጽሑፉ ላይ ነው፣ ቁልፍ አያይም። ስፔስ መስሎት ግዕዝ ቁልፉን ከነካ በየቃሉ መሃል «እ» ተዘርቶ ይገኛል፤ ያንን ማን ሊያርም ነው? ደግሞ የመዝገብ ቁጥር የሚመታው በላይኛው የቁጥር ረድፍ ነው። የቁጥሩን ረድፍ ለማስጠበብ እንዳታስቡ።

ነገሩ አዲስም አይደለም። የአማርኛ ታይፕራይተር፣ ኢንጂነር አያና ብሩ ስማቸው የሚነሳበት፣ ፊደሉንና ቅጥያውን ለያይቶ መምታትን ያውቅ ነበር። ሳይገዛ፣ ሳይበየድ የሚሞከርበት መንገድ ካለ ግን ንገሩኝ።

#6 ቀለም_ቆጣሪ

እትዬ፣ ትክክል ብለዋል። ስፔስን የሚመታው የትኛው አውራ ጣት እንደሆነ ሳይታወቅ የሚሠራ ኪቦርድ ጸብ ነው የሚያመጣው። ብዙ የተመታበት አሮጌ ኪቦርድ ስፔስ ባሩ የቱ ጋ እንዳበራ ይዩት፤ ያ ያበራው ቦታ ስፔስ ሆኖ መቅረት አለበት። ግራ ከሆነ አደላደሉን እንገለብጠዋለን።

ያለ ወጪ ለመሞከር፦ ከስፔስ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ አልት ቁልፎች አውራ ጣት የሚደርስባቸው ናቸው። ሻርፕኪስ በምትባለው ትንሽ ፕሮግራም ግራ አልትን ወደ ግዕዝ ቁልፍ፣ ቀኝ አልትን ወደ ራብዕ ቁልፍ፣ ካፕስ ሎክን ደግሞ ወደ አልት ያዛውሩ፤ ካፕስ ሎክ ለአማርኛ ምንም አይፈይድም፣ አልት ግን መስኮት ለመቀያየር ያስፈልጋል። ከዚያ መዝግበው ኮምፒውተሩን አጥፍተው ያብሩ። የአስተዳዳሪ ፈቃድ ይጠይቃል። የሚጽፈው ዊንዶውስ ራሱ ቁልፍ በሚያነብበት ታችኛው ደረጃ ላይ ስለሆነ ኪይማን ለሚባለው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራምም ሆነ ለሌላው መጻፊያ እንደ እውነተኛ ቁልፍ ይቆጠራል። ለመመለስ መስመሮቹን ሰርዞ፣ መዝግቦ እንደገና ማስነሳት ነው። ሊኑክስ ላይ ኪይዲ የሚባለው ፕሮግራም ይህንኑ ይሠራል።

ጉዳቱን ልንገርዎ፦ ለውጡ የሚያርፈው በኮምፒውተሩ ላይ ስለሆነ የተሰካበትን ኪቦርድ ሁሉ፣ የተቀመጠበትን ሰው ሁሉ ይነካል። ሰው በሚፈራረቅበት ቦታ አይሆንም። እዚያ የሚያዋጣው ለውጡን በኪቦርዱ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ኪውኤምኬ የሚባለውን የኪቦርድ ውስጥ ሶፍትዌር በሚቀበል ቦርድ ላይ ሁለት ንብርብር (ሁለት የቁልፍ አደላደል) ሠርተው፣ በአንድ ቁልፍ ሦስቱም ቁርጥራጮች ስፔስ እንዲሆኑ ማድረግ ይቻላል። ከሰዓት የሚመጣው ሰው ቁልፏን ነክቶ እንደለመደው ይመታል።

#7 ኮርድ_አፍቃሪ

ለምን በቅደም ተከተል? ተነባቢና አውራ ጣት አብረው ሲያዙ ፊደሉ አንድ ላይ ቢወጣስ? የማውስ ፈጣሪ ዳግላስ ኤንግልባርት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1968 ማውስን ለሕዝብ ሲያሳይ በግራ እጁ ባለ አምስት ቁልፍ መምቻ ነበረው፤ ቁልፎቹ በአንድነት ሲያዙ 31 ጥምረት ይሰጣሉ። የእኛ ፊደል ደግሞ በተፈጥሮው ጥምር ነው።

#8 ብየዳ_አምስት_ኪሎ

ሀሳቡ ያምራል፣ ጣት ላይ ሲወርድ ግን ይበላሻል። ጥምርን ለመለየት ኪቦርዱ የሚጠብቅበት ጊዜ አለ፤ ኪውኤምኬ ላይ መነሻው 50 ሚሊሰከንድ ነው። ፈጣን ጸሐፊ አንዱን ቁልፍ ሳይለቅ ሌላውን ይይዛል፤ ስለዚህ ያላሰበው ጥምር ይወጣል። ጊዜውን ብታሳጥር ደግሞ ቀስ ብሎ የሚመታው ጥምሩን ያጣዋል። በተከታታይ ከሆነ ግን የሚጠበቅ ነገር የለም።

ሌላም ወጥመድ አለ፦ ኪቦርዱ ራሱ ግዕዝ ፊደል እንዲልክ ማድረግ። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደሎች ሁሉ የኮምፒውተር ቁጥር የሚሰጠው ደንብ) ውስጥ የገባው በ3.0 እትም፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ኪቦርድ በገመዱ የሚልከው ግን የቁልፍ ቁጥር እንጂ ዩኒኮድ አይደለም። ኪውኤምኬ ዩኒኮድ ሲልክ የሚያደርገው የየሲስተሙን አቋራጭ መምታት ነው። ሊኑክስ ላይ አንድ ዓይነት፣ ማክ ላይ ሌላ፣ ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ዊንኮምፖዝ የሚባል ተጨማሪ ፕሮግራም። ለአንድ «ከ» ስድስት ሰባት ምት ይልካል፤ ፕሮግራሙ ከዘገየ ግማሹ እንደ ቁጥር ይጻፋል። ኪቦርዱ የላቲን ፊደል ይላክ፣ የአማርኛውን ፊደል ሶፍትዌሩ ይሥራ።

#9 ባለ_ፔዳል

ሽፍትን ወደ እግር ማውረድም ይቻላል። ዕቃው፦ አንድ ፕሮ ማይክሮ፣ አንድ ባለ ምላስ ማይክሮስዊች፣ 10 በ20 ሴንቲሜትር ሁለት ቁራጭ ኮምፔንሳቶ፣ አንድ የበር ማጠፊያ፣ ከአሮጌ ነገር የወጣ ሞላ። ማጠፊያው በተረከዝ በኩል ይሁን፤ በጣት በኩል ካደረጋችሁት እግር ሁልጊዜ ተንጠልጥሎ ስለሚቆይ ባት ይደክማል። ስዊቹ ፔዳሉ ከሚያርፍበት ከ3 ሚሜ በፊት መጮህ አለበት፤ ከሥሩ ማቆሚያ እንጨት ካልተደረገ የሰው ክብደት ስዊቹን ይሰብረዋል።

ፔዳሉ በራሱ ዩኤስቢ እንደ ሁለተኛ ኪቦርድ ይሰካል። ዊንዶውስና ሊኑክስ የአንዱን ኪቦርድ ሽፍት ለሌላውም ይቆጥሩታል። ማክ ግን ለየብቻ ነው የሚያያቸው፤ ፔዳሉን ረግጣችሁ «ት» ብትመቱ «ት» ነው የሚወጣው። እዚያ ካራቢነር የሚባለው ፕሮግራም ካልተጫነ አይሠራም።

የልብስ ስፌት መኪና ፔዳል ለመጠቀም የምታስቡ፦ ቅርፊቱን ብቻ ውሰዱ። ውስጡ 220 ቮልት እንዲያልፍበት የተሠራ ነው፤ ገመዱንም ቆርጣችሁ ጣሉት፣ ሌላ ሰው ሶኬት ላይ እንዳይሰካው።

#10 ቆራሌው

ሁላችሁም ኪቦርድ ላይ ተጣዳችሁ። የአዲስ አበባ ቢሮ የሚያማርረው ማውስ ነው፤ አንዴ ሲነኩት ሁለቴ የሚመታው። ፋይል ሊመርጡ ሲሉ ይከፈታል፣ ሊጎትቱ ሲሉ መንገድ ላይ ይጥላል። ሰው ማውሱን ይጥልና ሌላ ይገዛል፤ የተበላሸው ግን የፍሬ ያህል ስዊች ናት። ውስጧ ያለው ቀጭን የመዳብ ምላስ ይላላል፣ መገናኛው ላይ ኦክሳይድ ይጋገራል። ያኔ ሲነካ ይንጣጣል፤ ንጥረቱ ማውሱ ከሚታገሰው ጊዜ ሲያልፍ ሁለት ምት ሆኖ ይቆጠራል።

ያለ ምንም ግዢ፦ የግራውን ስዊች ከቀኙ ጋር አቀያይሩ። በአብዛኛው ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው፣ የቀኙ ግን እምብዛም አይሠራበትም። ብሎኖቹ ብዙውን ጊዜ ከታች ከተለጠፉት መንሸራተቻዎች ሥር ተደብቀዋል፤ በቢላ ሳይሆን በፀጉር ማድረቂያ አሙቃችሁ አንሷቸው፣ አለዚያ ተጣጥፈው አይመለሱም። የፋብሪካው ሊድ ቶሎ አይቀልጥም። አዲስ ሊድ ጨምራችሁበት ሦስቱንም እግር አብራችሁ አሙቁ። እንቢ ሲል በፒንሳ መጎተት የቦርዱን መዳብ ይገነጥላል።

አሁን ወደ ፈጠራው። ስዊቿ ሦስት እግር አላት፤ የጋራው፣ ሲነካ የሚገናኘው፣ ሲለቀቅ የሚገናኘው። አብዛኛው ማውስ ሦስተኛውን አይጠቀምበትም። «ተነካ» የምንለው ምላሱ የላይኛውን ትቶ ታች ሲደርስ፣ «ተለቀቀ» የምንለው ተመልሶ ላይ ሲደርስ ብቻ ቢሆንስ? ምላሱ ታች ላይ ቢንጣጣም ከታች እስከ ላይ ድረስ አይዘልም፤ ስለዚህ ሁለቴ መምታት ከነአካቴው ይቀራል፣ መጠበቂያ ጊዜም አያስፈልግም።

የሚሠራው 74ኤችሲ00 በሚባል አንድ ቺፕ ነው፤ አራት በር (ሎጂክ ጌት) ስላለው ለግራም ለቀኝም ይበቃል። የጋራው እግር መሬት (ግራውንድ) ላይ፣ ሌሎቹ ሁለቱ እያንዳንዳቸው በ10 ኪሎኦም ወደ ኃይል ተስበው ወደ ሁለቱ በሮች ይገባሉ፤ የአንዱ በር ውጤት ለሌላው ግብዓት ይሆናል። ሲነካ ዝቅ የሚለው ውጤት ወደ ማውሱ ቺፕ ይሄዳል። ከስዊቹ ወደ ቺፑ የነበረው መስመር መቆረጡን አትርሱ። አንዳንድ ማውስ ስዊቹን ወደ መሬት ሳይሆን ወደ ኃይል ነው የሚያገናኘው፤ መጀመሪያ በመልቲሜትር እዩ፣ እንዲያ ከሆነ ሌላኛውን ውጤት ውሰዱ።

ይህ ባለ ገመድ ማውስ ላይ ነው። ገመድ አልባው ላይ ኃይሉ 3.3 ቮልት ከሆነ ስዊቹ ሳይነካም በ10 ኪሎኦሙ በኩል 0.33 ሚሊአምፕ ይፈስሳል፣ ለሁለቱ 0.66። ማውሱ ተኝቶም ባትሪውን ይበላል።

#11 ልደታ_ታይፕ

ይኼኛው ገባኝ። አቧራውስ? ኮሪደሩ ሲቆፈር የገባው አቧራ ገና አልወጣም። ልጆቹ ጎሚስታ ቤት ወስደው ያስነፉታል።

#12 ቆራሌው

እትዬ፣ ጎሚስታ ቤት አያስወስዱት። የጎሚስታ ንፋስ ውሃና ዘይት ይዞ ነው የሚወጣው። ግፊቱም ቆቡን ፈንግሎ አቧራውን ወደ ሜምብሬኑ ውስጥ ይነዳዋል። ኪቦርዱን ገልብጠው በቀለም ብሩሽ ያራግፉ። ማኪያቶ ከፈሰሰበት ደግሞ ወዲያው ይንቀሉት፣ ይክፈቱትና የላስቲኩን ሉሆች ለብ ባለ ንጹህ ውሃ ያጥቧቸው። ስኳሩ ከቀረ መስመሮቹን ይበላል። በአልኮል አይፈትጉት፤ ጥቁሮቹ ነጥቦች ተነስተው ይወጣሉ። ሁለቱ ሉሆች ተለያይተው በደንብ ሳይደርቁ አይዝጉት።

#13 ሳድስ_ብቻ

የአልቱን ዘዴ አስገብቼ እየሞከርኩት ነው። ፍጥነቱ ላይ አልከራከርም። ግን አልፎ አልፎ «ካ» ስል «ክአ»፣ «ከ» ስል «እክ» ይወጣል። ቁልፉ ነው ሶፍትዌሩ?

#14 ቀለም_ቆጣሪ

ሁለቱ የተለያየ በሽታ ናቸው። መጻፊያው አናባቢ ሲደርሰው ከፊቱ ያለውን ፊደል አይቶ ነው የሚቀይረው። አንዳንድ ፕሮግራም ከፊት ያለውን አያሳየውም፤ ያኔ መጻፊያው ራሱ ባስታወሰው ነው የሚሠራው። በማውስ ሌላ ቦታ ስትነካ ወይም በቀስት ስትንቀሳቀስ ያስታወሰውን ይረሳል። «ክ» ጽፈህ፣ ማውስ ነክተህ፣ ተመልሰህ ራብዕ ከመታህ «ክአ» ይሆናል። ሁለቱንም ደምስሰህ «ክ»ን እንደገና መምታት ነው እንጂ አናባቢውን መደጋገም አያድነውም።

«እክ» ከወጣ ግን አውራ ጣትህ ከጣትህ ቀድሞ ደርሷል። ሶፍትዌሩ ውስጥ አትፈልገው።